ደረጃው ሲርስ

አብዱልመጂድ ድንጋዩን ከኢንሱሊኑ ሳጥን ሥር ደብቆ ከባጥሐ ሲወጣ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ መንገዱ ላይ የነበሩት እሱና ድመቶቹ ብቻ ናቸው። ድመቶቹም ቢሆኑ አይነሡለትም። አስፋልቱ መሐል ተጋድመው፣ መኪናዋ ስትቀርብ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩትና መልሰው ይከድኑታል። ጥሩምባ ሊነፋ እጁን ሰደደና ተወው፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጥሩምባ መንፋት አስፈራው። እየዞረ አለፋቸው።

ይህ የሆነው በ1441 ዓመተ ሒጅራ፣ በሻዕባን ወር፣ እኛ ሚያዝያ 2012 በምንለው ጊዜ ነው። ወረርሽኙ ገብቶ ሪያድ ቀንም ሌሊትም በሰዓት እላፊ ተዘግታለች። ያቺ ሰው በትከሻ የሚገፋፋባት፣ ሐዋላ ላኪው ተሰልፎ እርስ በርሱ የሚሰዳደብባት ባጥሐ መዝጊያዋን ሁሉ አውርዳ ተኝታለች። የትራፊክ መብራቱ ማንም በሌለበት ይቀላል፣ ማንም በሌለበት አረንጓዴ ይሆናል። አብዱልመጂድ ግን ቀይ ሲሆን ይቆማል። አራቱም አቅጣጫ ባዶ ሆኖ እያየ፣ ብቻውን ይቆማል። ካልቆምኩ አንድ የማላየው ሰው ያየኛል የሚል ነገር ሰሞኑን ገብቶበታል።

ይህ ልጅ ማን መሰላችሁ? እናትና አባቱ ወሎዬዎች ናቸው፤ እሱ ግን የሪያድ ልጅ ነው። ሲናደድ በዐረብኛ ይናደዳል፣ ሲርበው በአማርኛ ይለምናል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የድንጋይና የምድር ትምህርት እየተማረ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ ሁሉም ነገር ተዘጋ። አንድ መድኃኒት ቤት ከነመኪናው ቀጠረውና ተስሪሕ አወጣለት። ተስሪሕ ማለት በዚያ ሰሞን ሰው ከደጁ ወጥቶ እንዲሄድ የሚያደርግ የማለፊያ ወረቀት ነው፤ ያለው ሰው ይከበራል።

በሠፈሩ የታወቀው ግን በመድኃኒቱ አይደለም፣ በአንደበቱ ነው። በየዓርቡ ድምፁን ስልኩ ላይ ይቀዳል፤ አንዴ በዐረብኛ፣ አንዴ በእናቱ አማርኛ። የንቡን ሰፈፍ፣ የጭልፊቱን ዓይን፣ የቴምሯን ፍሬ እያነሣ፣ «ልክ ያለው ነገር ልክ የሰጠው አለ። ንድፍ ካየህ ነዳፊ አለ በል፤ ኸላስ!» ይላል። ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ እናቱም ለጎረቤት ታሰማለች። አንድ ቀን የክፍሉ ልጅ ጀብሪል፣ «እሺ፣ ነዳፊው ሁሉን የሚችል ከሆነ፣ ምን ብታይ ነው ‹ይሄስ የእጁ ሥራ አይደለም› የምትለው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሰው ፊት አሳቀበትና ዝም አሰኘው። መልስ ግን አልሰጠውም። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመጣባታለን።

አቡ ሀዲል የደወሉት ከቀትር በፊት ነው። በከተማው ምሥራቅ ያለው የነሲም ሠፈር ሰው ናቸው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሙዲር፣ ማለትም አለቃ፣ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ጸሐፊው የሚነሣላቸው ዓይነት። አብዱልመጂድ ለእናታቸው ለኡም ሱለይማን በየሳምንቱ ኢንሱሊን ያደርሳል። የዓርብ ንግግሩንም ሳያዳምጡ አያልፉም ነበር።

«ያ አብዱልመጂድ» አሉት በዐረብኛ፣ «ሠራተኛችን ዘይነብ ሲሕር ይዛ ተገኝታለች። ዐረብኛው ከአፏ ጠፍቶ በቋንቋችሁ ብቻ ታለቅሳለች። ና፣ የምትለውን ንገረን። የያዘችው ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ያንተ ትምህርት ነው። የተሲያቱ የዐስር አዛን እስኪል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ደውዬ አስወስዳታለሁ።»

ማን እንደሚወስዳት አልተናገሩም። ሪያድ ያደገ ልጅ በሲሕር፣ ማለት በድግምት፣ ተጠርጥሮ መወሰድ አንገት እስከ ማስቆረጥ እንደሚደርስ እንዲነገረው አይጠብቅም። ስልኩን ሳያስቀምጥ ሌላ ደወለ፤ «የዘይነብ ወንድም ነኝ፣ ባጥሐ ነኝ፣ ስለ ፈጠረህ» የሚል ድምፅ።

ሙሀባው ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው የጋይንት ልጅ ነው፤ ከከተማው ደቡብ ድንጋይ ቆራጮች ዘንድ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ከሚኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ተሸጉጦ ጠበቀው። ሰላምታም አላስቀደመ።

«ወንድሜ፣ እህቴን አውጣልኝ» ብሎ በሽማግ፣ በዐረቦቹ የራስ ጨርቅ፣ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋለት። «ደውላ ‹ያንተን ግማሽ በመድኃኒት አድራሹ ልጅ ላክልኝ› ብላ ቁጥርህን ሰጠችኝ፤ ከዚያ ስልኩ ተነጠቀ።»

«የምን ግማሽ?»

«የድንጋዩን። አምና አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ስፈልጥ ለሁለት ተከፈተና መሐሉ ላይ ይሄ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘሁት። እንደው ክው ነው ያልሁት! አብረውኝ የሚሠሩት ጣለው፣ ጥሩ አይደለም አሉኝ። እኔ አልጣልሁም። ጉብ ያለውን በሾፌር ላክሁላት፣ ጎድጓዳውን ለራሴ አስቀረሁ። አንድ ከተማ ሆነን ሁለት ዓመት ሙሉ አልተያየንም እኮ። ግማሽ ግማሽ የያዝነው ለዚያ ነው።»

አብዱልመጂድ ጠርዙን ገለጥ አድርጎ አየና ልቡ ተመለሰ። ቅሪተ አካል ነው። ባሕር በነበረበት ዘመን የኖረ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ እንስሳ የተወው ቅርጽ። «አትፍራ፣ ይሄማ በቀላሉ ይታወቃል» አለ።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ሙሀባው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሟ ዘይነብ አይደለም፤ ወለተ ገብርኤል ናት። ደላላው በሙስሊም ስም ፓስፖርት አወጣላትና ማተብሽን በጥሺ አላት። መበጠሱን በጠሰች፤ መጣሉ ግን አልሆነላትም። ድንጋዩ ሲደርሳት እሱ ላይ ጠመጠመችና በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ቋጠረችው።»

አብዱልመጂድ ዓይኑን ጨፈነ። ክር፣ ቋጠሮ፣ ያውም በምሥጢር የተቋጠረ! በዚያ አገር ሰው ሲሕር ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

«ወይኔ ጉዴ! ሌላ የምታስርበት ቦታ አጣች?»

«አንገቷ ላይ አይሆንም ካሏት የት ትሰረው?» አለ ሙሀባው። እንባው በጨርቅ ጭምብሉ ላይ ይወርድ ነበር።

እንግዲህ ይህን ተሸክሞ ነው ወደ ምሥራቅ የሚነዳው። ከነሲም መግቢያ ላይ አንድ ወታደር አስቆመው። ተስሪሑን አየ፤ ሳጥኑን አስነሣ፤ ሽማጉን በጓንት እጁ ገለጠ።

«ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ። የምማርበት።»

ወታደሩ በሌባ ጣቱ ጎድጓዳውን መስመር ከዳር ጀምሮ ይከተለው ጀመር፤ ዞረ፣ ዞረ፣ መሐሉ ላይ ሲደርስ ጣቱ የሚሄድበት አጣ። «ማን ቀረጸው?»

«ማንም» አለ አብዱልመጂድ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የራሱ ጆሮ ደነገጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ሲያወግዘው የኖረው ቃል ነው። ወታደሩ ጓንቱን ሱሪው ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠረገና በእጁ ሂድ አለው።

የአቡ ሀዲል ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ፊቱ በሙሉ፣ ከሖሹ ማለት ከግቢው ወደ በሩ የሚያወጡት ሰባት ደረጃዎችም፣ በሪያድ ቢጫ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አብዱልመጂድ በየሳምንቱ ይረግጣቸዋል፤ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አይቷቸው አያውቅም። በመስኮቱ ልጃቸው፣ የሰባት ዓመቷ ሀዲል፣ ቆማለች። መስተዋቱን በትንፋሿ ታጨልመዋለች፤ ከዚያ በጣቷ ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ትስላለች። ሲደበዝዝ ደግማ ትተነፍሳለች። አየችው፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተነሣም።

«ቃል ካወጣች አሥራ ስድስት ቀን ሆናት» አሉ እናቷ ማማ ሙኒራ፣ በር ከፍተው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ እንቅልፍ ያጡ እናት ነበሩ። «ይህንን ብቻ ነው የምትስለው። በግድግዳው ላይ፣ በሩዟ ላይ፣ በአያቷ መዳፍ ላይ። ትናንት የዘይነብን ፍራሽ ስናነሣ ያው ነገር ከሥሩ ተገኘ። እኔ ምን ልበል?»

በመጅሊሱ፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል መሐል፣ ምንጣፉ ላይ፣ የብረት ትሪ ተቀምጧል፤ ትሪው ላይ ድንጋዩ። ጉብ ያለው ጥምዝ ወደ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ክር በወገቡ ዞሮ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል። ሰዎቹ ሁሉ ከግድግዳው ተጠግተው ከትሪው ርቀው ተቀምጠዋል። አቡ ሀዲል ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ዓይነ ስውሯ ኡም ሱለይማን ከወንበራቸው ላይ ናቸው። ዘይነብ፣ ወይም ወለተ ገብርኤል፣ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ወንድሜ» አለች ሲገባ፣ «ያንን አመጣኸው?»

«አምጥቻለሁ፣ እህቴ። ቆይ።»

«የመካውን የዘምዘም ውሃ ረጨንበት» አሉ ማማ ሙኒራ፣ ትሪውን በአገጫቸው እያሳዩ። «ሲርስ ፈጠጠ። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ መስመሩ እየጠቆረ ተነሣ። ሲደርቅ መልሶ ተኛ።»

«ያ አቡ ሀዲል፣ ይሄ ፍጥረት ነው» አለ አብዱልመጂድ። «የባሕር እንስሳ ነበር። ሞቶ በጭቃ ተቀበረ፤ ጭቃው ድንጋይ ሆነ። ማንም አልቀረጸውም።»

«ባሕር? ነሲም ውስጥ?»

«ነሲም ሳይኖር በፊት።»

አቡ ሀዲል አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ልጄ፣ ያስተማርከን አንተ ነህ። ‹ልክ ያለው ነገር ልክ የሰጠው አለ› አላልክም? እየው፤ መስመሩ እኩል እየሰፋ ይሄዳል፤ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል። ይህን አይቼ ዛሬ ብቻ ‹ማንም› እንድል ትፈልጋለህ?»

«ሠሪው አላህ ነው እላለሁ፤ ሰው አይደለም።»

«እሺ። ክሩንስ? አላህ ድንጋይ ፈጥሮ ክር ይቋጥርበታል?»

አብዱልመጂድ ወደ ወለተ ገብርኤል ዞረና በአማርኛ፣ «ክሩን ማን ቋጠረው ይላሉ። እውነቱን ሙሀባው ነግሮኛል። የተገዛ ነው፣ ከነክሩ ነው ያገኘሁት ማለት እችላለሁ፤ ልበል?» አላት።

ወለተ ገብርኤል ትሪውን አየች። ክሩን ስታይ ፊቷ ሌላ ሆነ። «አይ» አለች። «እኔ ነኝ የቋጠርኩት። ማተቤ ነው። ክርስቲያን ነኝ፣ ስሜም ወለተ ገብርኤል ነው። ተርጉም፣ ወንድሜ። አንዱን ውሸት ስሸከም ነው እዚህ የደረስኩት።»

ተረጎመ። ማማ ሙኒራ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። አቡ ሀዲል ስልኩን አነሡ፤ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። «እንግዲያው ቋጠሮው እጅ አለው» አሉ በቀስታ። «እጁም የሷ ነው። ጥምዙ ግን እጅ የለውም ትለኛለህ። አንድ ዕቃ ላይ ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን ያለ እጅ። በምን ለየኸው?»

አብዱልመጂድ ሽማጉን የፈታው ያኔ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ሲወጣ ማማ ሙኒራ ጮኹ፤ «ጥንዱ ነው! አንዱን ቤታችን፣ አንዱን ውጭ! አላልኩም?» አብዱልመጂድ ለማዳን ያመጣው ነገር በሰዎቹ ፊት ገመድ ሲሆን አየ።

«ለእኔ ስጡኝ» አሉ ኡም ሱለይማን።

ማንም ሊነካው ስላልደፈረ እሱ ራሱ ሁለቱን ግማሽ በመዳፎቻቸው ላይ አኖረ። አሮጊቷ ክሩን ወደ ዳር ገፋ አድርገው ዳሰሱ። ቀስ ብለው ገጠሙት። ጥምዙ ጠፋ። በእጃቸው ላይ የቀረው ዱልዱም፣ ምንም የማይናገር ድንጋይ ብቻ ነው። ጠርዙን በጥፍራቸው ዞሩት።

«ፀጉር አያስገባም» አሉ። «አንድ ድንጋይ ነበር። ነገሩ ከውስጥ ነው።» ከፈቱትና ጉብ ያለውን ደግመው ዳሰሱት፤ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ጋ ተሰብሮ ነበር። ተሰብሮም ድኗል፤ ጠማማ ሆኖ ነው የዳነው፣ ልክ እንደኔ ጉልበት። ቀራጭ ቢሆን ስብራት ምን ያደርግለታል?»

«ጂን የሚያሠራ ሰው ድንጋይ ሳይከፍት ውስጡን ይቀርጻል፣ እናቴ» አሉ አቡ ሀዲል። «ስብራቱንም ይቀርጻል። እንድንታለል።»

አብዱልመጂድ የጀብሪልን ሳቅ የሌለበት ፊት በሐሳቡ አየ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲስቅ ያልሳቀውን ፊት። ያ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ነሲም መጥቶ፣ የአንዲት ሴት ሕይወት ይዞ ቆሟል። ሳያስበው ያንኑ ጠየቃቸው፦ «ያ አቡ ሀዲል፣ ምን ባሳይዎት ነው ‹ይሄስ የሷ እጅ የለበትም› የሚሉት?»

ሰውየው ልበ ቅን ሰው ነበሩና አሰቡበት። ብዙ አሰቡበት። «አላውቅም» አሉ በመጨረሻ፤ ይህን ሲሉ ራሳቸውም የፈሩ ይመስላሉ። የዐስር አዛን ሊል ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

ከበሩ ሥር ድምፅ መጣ። «ወንድሜ፣ የደረጃውንስ ምን ይሉታል?»

«የምን ደረጃ?»

ወለተ ገብርኤል ተራ በተራ አየቻቸው። ግራ ገባት። «አያውቁትም እንዴ? ደረጃው ላይ አለ እኮ! በየቀኑ ሳጥበው ይወጣል፣ ሲደርቅ ይጠፋል። የቤቱ ጌጥ፣ ባለቤቶቹ ከፍለው ያሠሩት መስሎኝ። ሀዲልን ጠይቋት፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ቁጭ ብላ ትቆጥራቸው የለ?»

ተረጎመላቸው። ሁሉም ተነሡ፤ ኡም ሱለይማንን እሱ ደግፎ ይዞ ወጣ። ሖሹ ላይ ፀሐይዋ በአቧራ ቢጫ ሆናለች፤ ከመንገዱ የሰው ድምፅ የለም፣ የመኪና ድምፅ የለም። ሰባቱ ደረጃዎች ደርቀው፣ ልሙጥ ሆነው ተቀምጠዋል። ወለተ ገብርኤል እንደ ልማዷ ወደ ውሃው ጎማ ሄደች።

«ተዪው!» አሉ አቡ ሀዲል። «ውሃውን እሷ አትንካው። እኔ ነኝ የማፈሰው።»

ጎማውን አነሡ። በዚያ ቤት ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲኖሩ ጎማ ይዘው አያውቁም ነበርና ቧንቧው እምቢ አላቸው። «ወደ ግራ፣ ባባ» አለች ወለተ ገብርኤል፤ ይህቺን ያህል ዐረብኛ ተመልሶላት ነበር። ወደ ግራ አዞሩት። ውሃው መጣ።

መጀመሪያ ድንጋዩ ጠቆረ። ከዚያ ከጥቁሩ ውስጥ ነጭ መስመር ተነሣ፤ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሳንቲም የሚያህል፣ ሰሐን የሚያህል፣ አንዱማ የመኪና ጎማ የሚያህል፣ ግማሹ በሁለተኛው ደረጃ ጠርዝ የተቆረጠ። ሁሉም ከዳር ወደ መሐል እየዞሩ ይገባሉ። ውሃው በሄደበት ሁሉ ይከተሉታል። ገና ከውሃ ሥር ዓይን የሚገልጡ ይመስሉ ነበር። አብዱልመጂድ ስማቸውን ያውቃል፣ ዘመናቸውን ያውቃል፣ ፈተና ተፈትኖባቸዋል፤ እዚህ ግን አይቷቸው አያውቅም። በየሳምንቱ የረገጠው ነገር ነው። ለማን ብለው ነው እንዲህ ያማሩት? ማንም ሳያያቸው፣ ደርቀው፣ ከጫማ ሥር?

ሀዲል በባዶ እግሯ ወጣች። ማንንም አላየችም። ከታችኛው ደረጃ ጀምራ፣ በጣቷ እየጠቆመች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ወደ ላይ ወጣች። በበሩ ደፍ ላይ፣ አባቷ ከቆሙበት ስትደርስ ቆመች።

«ሠላሳ አራት ነበሩ» አለች። ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ነበር። «ዛሬ ሠላሳ አምስት ናቸው።»

ማማ ሙኒራ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። አቡ ሀዲል ልጃቸው ወደምትጠቁመው አዩ። የበሩን ምንጣፍ ውሃው ገፍቶታል፤ ወለተ ገብርኤል እዚያ ውሃ አታደርስም ነበር፣ ምንጣፉ እንዳይበላሽ። ከሥሩ የወጣው ልሙጥ ድንጋይ ላይ አንድ አዲስ ጥምዝ ተነሥቷል፤ መሐሉ ከጫማቸው ሥር ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ጫማቸውን የሚያወልቁበት ቦታ። እግራቸውን አነሡ። የት እንደሚያሳርፉት አጡና በአንድ እግር ቆሙ።

«ልጅቷ ተናገረች?» አሉ ኡም ሱለይማን። «አልሐምዱሊላህ። አሁን አንተ ስማኝ። ይህን ደረጃ አባትህ በ1404 ነው ያስነጠፈው። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ዓይን ነበረኝ፣ ድንጋዩ ግን ደረቅ ነበር። ይህች ሠራተኛ ያኔ አልተወለደችም። ሲሕር ነው ካልክ ደውል። ግን ሲጠይቁህ የማንን ስም ትሰጣለህ? የአባትህን?»

የዐስር አዛን ተሰማ። ከአንዱ መስጊድ፣ ከሌላው፣ ከሩቁ፤ በባዶው ከተማ ላይ «በየቤታችሁ ስገዱ፣ በየቤታችሁ ስገዱ» እያለ። አቡ ሀዲል ስልኩን በእጃቸው ይዘው እስኪያልቅ ቆሙ። ወለተ ገብርኤል አታለቅስም፤ ስልኩን ብቻ ታያለች። አዛኑ ሲያልቅ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።

«ስምሽንና ሃይማኖትሽን ደብቀሽኛል» አሏት። «በረራ ሲከፈት ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ፤ ደሞዝሽን ይዘሽ።»

«እሺ፣ ባባ።»

«እስከዚያ ይህን ደረጃ ውሃ እንዳይነካው። በደረቁ ነው የሚጠረገው። ዳግመኛ ማየት አልፈልግም።»

«እሺ።»

ኡም ሱለይማን በእጃቸው በያዙት ድንጋይ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች በጥፍራቸው አንድ በአንድ ፈቱና ክሩን ወደ ድምፅዋ ዘረጉ። «ድንጋይሽን ለእኔ ተዪልኝ» አሉ። «ሳይርስ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው።» ወለተ ገብርኤል አብዱልመጂድን አየችና፣ «የእኔን ይያዙት በላቸው። የወንድሜን ግማሽ መልስለት። ደህና ናት በለው» አለች። ክሩን እዚያው፣ ሁሉም እያዩ፣ አንገቷ ላይ አሰረችው።

አብዱልመጂድ መኪናው ውስጥ ገብቶ ብዙ ሳያስነሣት ቆየ። ዓርብ ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ምን እንደሚል አያውቅም። በአላህ አልተጠራጠረም። የተጠራጠረው ቶሎ ቶሎ በሚፈርደው በራሱ ጣት ነው። ከጎኑ ጎድጓዳው ግማሽ ተቀምጧል። ቁልፉን ሲያዞር መስተዋቱ ላይ ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ። ከዚያ የሚያዝያ ዝናብ፣ ያ አቧራ ያዘለው፣ ሳይታሰብ የሚመጣው የሪያድ ዝናብ፣ ተለቀቀ።

በኋላ ማሳያው መስተዋት የቤቱ ፊት ይታየዋል። ድንጋዩ ከላይ ጀምሮ እየጠቆረ ወረደ። ከጣራው ሥር አንድ ጥምዝ ወጣ፣ ከመስኮቱ በላይ ሦስት፣ ከበሩ ግራና ቀኝ የማይቆጠር። አጠገቡ ያለው የጎረቤት አጥርም እየጠቆረ ነው። መንገዱን ሙሉ፣ ማንም በሌለበት፣ ግድግዳው ሁሉ እየነቃ ነው። ሀዲል በመስኮቱ ሆና ጮክ ብላ ትቆጥራለች።

አቡ ሀዲል ነጭ ቶባቸውን፣ ያንን ረጅም ቀሚስ፣ ወደ ላይ ሰብስበው ከበር ወጡ። የውሃ መጥረጊያውን፣ ያንን ባለ ጎማ ምላሱን፣ ይዘው ደረጃውን እየጠረጉ ውሃውን ወደ ታች ይገፋሉ። አንዱን ሲያደርቁ ሰባቱም ይርሳሉ። ከላይ ጀመሩ፣ ከታች ጀመሩ፤ ቶባቸው ከገላቸው ተጣበቀ። ሙዲሩ፣ ሰው የሚነሣላቸው ሙዲሩ፣ በዝናብ ውስጥ ጎንበስ ብለው እየታገሉ ነበር።

ወለተ ገብርኤል ወጣች። ክሩ አንገቷ ላይ እርጥብ ሆኗል። እጇን ዘረጋች።

«ባባ፣ ይስጡኝ» አለች በዐረብኛ፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። «ይሄስ የኔ እጅ የለበትም።»

አቡ ሀዲል ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ መጥረጊያውን ሰጧት።